ቃሉን መተርጐም ብቻውን አይበቃም፦ በአሜሪካ በሕግ ጥላ ሥር ለሚገኙ ላቲኖዎች ስለ ተላላፊ በሽታዎች የሚሰጥ ትምህርት

መግቢያ

የዛሬውን ትምህርታችንን በአንድ አሳዛኝ ታሪክ እንጀምራለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በማርች 1916 በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ላይ በምትገኘው በኤል ፓሶ ከተማ እስር ቤት እስረኞች ልብሳቸውን አውልቀው ቤንዚንና ላምባ በገባበት መታጠቢያ እንዲታጠቡ ተደረገ። ምክንያቱም በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ እንዳይዛመት ተብሎ ነበር። በዚህ መካከል እሳት ተነሣ፤ አብዛኞቹ ሜክሲካውያን የሆኑ በርካታ እስረኞችም ተቃጥለው ሞቱ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በጃንዋሪ 1917፣ ከሜክሲኮዋ ከተማ ከሁዋሬዝ በየማለዳው ድልድይ ተሻግረው በኤል ፓሶ በየሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ተመሳሳይ መታጠቢያ እንዲገቡ ታዘዙ። ካርሜሊታ ቶሬስ የተባለች የ17 ዓመት የቤት ሠራተኛ «አልገባም» አለች፤ እጅግ ብዙ ሴቶችም ከእርሷ ጋር ተባብረው ድልድዩን ዘጉ። እነዚህ ሴቶች ንጽሕናን የጠሉ አልነበሩም። የፈሩት እሳቱን ነበር፤ ከዚህም በላይ ራቁታቸውን ሳሉ ፎቶግራፍ ይነሣሉ የሚል ወሬ ሰምተው ነበር።

ከዚህ ታሪክ አንድ ትልቅ ቁም ነገር እንማራለን። በሽታን መከላከል በራሱ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም የሰውን ክብር፣ ቋንቋና ያለፈ ታሪክ ሳያውቁ ሲፈጽሙት ሊረዳው የመጣውን ሰው ያሸሸዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ይጐዳዋል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፋችን በአሜሪካ በሕግ ጥላ ሥር ለሚገኙ ላቲኖዎች ስለ ተላላፊ በሽታዎች የሚሰጠው ትምህርት ከባህላቸው ጋር እንዴት እንደሚስማማ እንመለከታለን። የምናጠናው የእነርሱን ጉዳይ ነው፤ ሆኖም እስረኞችን የሚጠይቅ ሁሉ ከዚህ የሚማረው ነገር እንዳለ እናምናለን።

1. ስለ እነማን እንናገራለን?

ላቲኖ የሚባሉት ራሳቸው ወይም አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከሜክሲኮ፣ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ወይም ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሰዎች ናቸው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ በአሜሪካ ከ62 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ስማቸው አንድ ቢሆንም ኑሯቸው ግን አንድ አይደለም። የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ከሜክሲካውያን ወገን ደግሞ ድንበሩ ከመዛወሩ በፊት ጀምሮ ቤተሰቦቻቸው በዚያው ምድር ይኖሩ የነበሩ አሉ። ከጓቲማላ ተራሮች ለመጣ የማያ ተወላጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ማም ወይም ኪቼ ሊሆን ይችላል፤ ስፓኒሽ ለእርሱ በትምህርት ቤት ወይም በገበያ የለመደው ሁለተኛ ቋንቋ ነው።

በሕግ ጥላ ሥር መሆንም አንድ ዓይነት አይደለም። ዋስ አጥቶ በጊዜያዊ ማረፊያ ቤት ለጥቂት ቀናት የሚቆይ አለ፤ ተፈርዶበት በወኅኒ ቤት ዓመታትን የሚቆጥር አለ፤ በአመክሮ ተፈትቶ በየጊዜው ለተቆጣጣሪ ሪፖርት የሚያደርግ አለ፤ ወንጀል ሳይሠራ የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለው ብቻ የተያዘም አለ። የመጀመሪያው ሰው ነገ ይፈታልና አሥር ሳምንት የሚፈጅ ትምህርት አይደርሰውም። የመጨረሻው ደግሞ ለሐኪም የሚናገረው ቃል ወደ ኢሚግሬሽን ሹማምንት እንዳይደርስ ይፈራል። ስለዚህ አስተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ «ፊቴ የተቀመጠው ማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

2. በሽታዎቹና የእስር ቤቱ ሁኔታ

ብዙ ሰው በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ በሚያድርበት፣ አየር እንደ ልብ በማይዘዋወርበትና በየዕለቱ አንዱ ሲገባ ሌላው በሚወጣበት ስፍራ ተላላፊ በሽታ ምቹ ማደሪያ ያገኛል። በተለይ ሦስቱን እንጥቀስ።

የሳንባ ነቀርሳ በአየር ይተላለፋል። በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው ዓይነት ሕመም አይሰማም፤ ወደ ሌላም አይተላለፍም፤ ነገር ግን ሳይታከም ከቆየ ከጊዜ በኋላ ሊነሣ ይችላል። ዛሬ ይህን ድብቅ ነቀርሳ በሳምንት አንድ ጊዜ በሚወሰድ መድኃኒት በ12 ሳምንት ማከም ይቻላል።

ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት በሽታ በደም ይተላለፋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በጋራ መርፌ ነው። ስርጭቱ በእስረኞች መካከል ከውጭው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ክትባት የለውም፤ ሆኖም ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በወጡት እንክብሎች ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ከ100 ሕሙማን ከ95 የሚበልጡት ይድናሉ።

ኤች.አይ.ቪ.ን በተመለከተ፣ በ2022 በአሜሪካ አዲስ ከተያዙት መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ላቲኖዎች እንደ ነበሩ ይገመታል፤ በዚያን ጊዜ ግን ከሀገሪቱ ሕዝብ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞሉም ነበር። መድኃኒቱን በሚገባ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት በሽታውን ለሌላ አያስተላልፍም።

እንግዲህ መድኃኒቱ አለ። ሕጉም አለ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በሰጠው ፍርድ፣ የእስረኛን ከባድ ሕመም እያወቁ ቸል ማለት ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ጭካኔ ነው ብሏል። የጎደለው ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱን፣ ሕጉንና ሰውየውን የሚያገናኘው መንገድ ነው።

3. አመኔታ ለምን ጠፋ?

ብዙ የጤና ሠራተኞች «ምርመራ በነጻ እንሰጣለን፤ እነርሱ ግን አይፈልጉም» ሲሉ ይሰማሉ። ይህን አባባል ከመቀበላችን በፊት ታሪክን መመልከት ይገባናል።

ከ1946 እስከ 1948 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሐኪሞች በጓቲማላ ምርምር አካሄዱ። በዚህም እስረኞችን፣ ወታደሮችንና የአእምሮ ሕሙማንን ፈቃዳቸውን ሳይጠይቁ ሆን ብለው ለቂጥኝ፣ ለጨብጥና ለከርክር አጋለጡ። ለበሽታ የተጋለጡት ሰዎች ቁጥር ወደ 1,300 ይጠጋል። ነገሩ ከ60 ዓመታት በላይ ተሰውሮ ከቆየ በኋላ ሱዛን ሬቨርቢ የተባሉ የታሪክ ምሁር መዛግብቱን አግኝተው በ2010 ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ኦባማ የጓቲማላን ፕሬዚዳንት በስልክ ይቅርታ ጠየቁ።

እንግዲህ ከጓቲማላ የመጣ እስረኛ ነጭ ጋውን ለብሶ መርፌ የያዘን ሰው በጥርጣሬ ቢመለከት ምን ያስደንቃል? እንዲህ ያለው ሰው አላዋቂ አይደለም፤ የሚያስታውስ ሰው ነው። ስለዚህ መልካም አስተማሪ ጥርጣሬውን አይዘልፍም። ያለፈውን በደል በግልጽ ያምናል፤ ዛሬ ፈቃድ ሳይሰጡ ምንም እንደማይደረግ ያስረዳል፤ ቃሉንም በሥራ ያጸናል።

4. «ማስማማት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጊዬርሞ በርናል የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅና ባልደረቦቻቸው በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንድን እርዳታ ከሰዎች ባህል ጋር ለማስማማት መታየት ያለባቸውን ስምንት ነገሮች ዘርዝረዋል። እነርሱም ቋንቋ፣ አስተማሪውና ተማሪው፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ይዘት፣ ጽንሰ ሐሳብ፣ ግብ፣ ዘዴና የኑሮ ሁኔታ ናቸው። ኬን ሬስኒኮውና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ1999 የላይኛውን መልክና ጥልቁን መሠረት ለይተው አሳይተዋል። በራሪ ወረቀት ላይ የላቲኖ ፊት ያለበት ሥዕል ማተም የላይኛው መልክ ነው። ሰውየው ሕመምን፣ ቤተሰብን፣ እግዚአብሔርንና ኀፍረትን እንዴት እንደሚረዳ ማወቅ ግን ጥልቁ መሠረት ነው። የመጀመሪያው ሰውየው ወረቀቱን እንዲያነሣ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው የተነገረውን በልቡ እንዲያኖር ያደርገዋል።

እስቲ ዋና ዋናዎቹን በየተራ እንመልከት።

ሀ) ቋንቋ

በ1980 በፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። የኩባ ተወላጅ የሆኑት ቤተሰቦቹ «ኢንቶክሲካዶ» ነው አሉ፤ በእነርሱ አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር አልስማማው ብሎ ታመመ ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ ግን አደንዛዥ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዷል ማለት መሰላቸው። በእርግጥ አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበርና እውነተኛው ሕመሙ በጊዜው ሳይታወቅ ቀረ፤ ወጣቱም እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። አንዲት ቃል ይህን ያህል ታደርጋለች።

በምርመራ ቋንቋም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። «ውጤትህ ፖዘቲቭ ነው» የተባለ ሰው መልካም ዜና የሰማ ሊመስለው ይችላል። ኤች.አይ.ቪ. በስፓኒሽ ምሕጻሩ «ቪ.አይ.ኤች.» ነው፤ ኤድስም «ሲዳ» ይባላል፤ ሁለቱን መለየት ላልለመደ ሰው ቫይረሱ አለብህ ማለት ነገ ትሞታለህ ማለት ይሆንበታል። ከዚህም ጋር የአክብሮት አነጋገር ጉዳይ አለ። እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» እንደምንል፣ በስፓኒሽም «ቱ» እና «ኡስቴድ» አሉ። በቁጥር ሲጠራ የኖረን እስረኛ በአባት ስሙና በ«ኡስቴድ» መጥራት ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ ሰውየው ግን ከዓመታት በኋላ እንደ ሰው ተቆጠርሁ ይላል። ላቲኖዎች ይህን አክብሮት «ሬስፔቶ» ይሉታል።

ለ) አስተማሪው ማን ይሁን?

በላቲኖ ሰፈሮች «ፕሮሞቶራ» የሚባሉ ሴቶች አሉ። ሐኪሞች አይደሉም፤ ከጎረቤት መካከል ተመርጠውና ሠልጥነው ቤት ለቤት እየሄዱ ስለ ጤና የሚያስተምሩ ናቸው። የሚታመኑት በዲፕሎማቸው ሳይሆን በጉርብትናቸው ነው። «ኮንፊያንሳ»፣ ማለትም መተማመን፣ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ቀስ እያለ ይመጣል፤ አንድ ምስጢር ሲወጣ ግን በአንድ ቀን ይጠፋል። በእስር ቤት ውስጥ የፕሮሞቶራን ቦታ ሊይዝ የሚችለው ራሱ የሠለጠነ እስረኛ ነው፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

ሐ) ምሳሌያዊ አነጋገር

ላቲኖዎች ምሳሌያዊ አነጋገራቸውን «ዲቾ» ይሉታል። እኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለውን እነርሱ «ከመጸጸት አስቀድሞ መከላከል ይሻላል» ይላሉ። ብዙ ሰው «ሁሉ እግዚአብሔር እንደ ፈቀደ ነው» ብሎ ምርመራን ሲተው አስተማሪው ክርክር ማንሣት የለበትም። «ወደ እግዚአብሔር እየጸለይህ፣ በመዶሻህም እየመታህ» የሚለውን የራሳቸውን ዲቾ ያስታውሳቸዋል። ጸሎትና መድኃኒት ተቃራኒዎች እንዳልሆኑ አያቶቻቸው አስቀድመው ተናግረዋልና፣ ከውጭ የመጣ ስብከት አያስፈልግም።

መ) ጽንሰ ሐሳብ

ለብዙ ላቲኖዎች ቤተሰብ ከግል ጥቅም ይቀድማል። ስለዚህ «ለራስህ ጤና ብለህ ተመርመር» ከማለት ይልቅ «ወደ ሚስትህና ወደ ልጆችህ ስትመለስ ጤና ይዘህላቸው ግባ» ማለት ይበልጥ ልብ ይነካል። ነገር ግን ይኸው የቤተሰብ ፍቅር የኀፍረት ምክንያትም ሊሆን ይችላል። እናቱ እንዳትሰማ ፈርቶ መድኃኒት የማይወስድ ልጅ አለ። ስለሆነም ቤተሰብን የሚጠራ ትምህርት ምስጢርን የሚጠብቅ መሆን አለበት።

«ማቺስሞ» የሚባለውም እንዲሁ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው ሕመምን መናገር ከወንድነት ውጭ ነው የሚል ትዕቢት ነው። ሁለተኛው፣ አንዳንዶች «ካባዬሪስሞ» የሚሉት፣ የጨዋ ሰው ባሕርይ ነው፤ ቤተሰቡን የሚጠብቅ፣ ቃሉን የሚያከብር፣ ደካማውን የማያጠቃ። ጥበበኛ አስተማሪ የመጀመሪያውን በመንቀፍ ጊዜ አያጠፋም፤ ሁለተኛውን አንሥቶ «ወንድ ልጅ ቤቱን ይጠብቃል፤ አንዱም የመጠበቂያ መንገድ ይኸው ነው» ይላል።

ሠ) ይዘት

ብዙ መጠይቆች «አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ ትወስዳለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰውየው በእውነት «አልወስድም» ይላል፤ መዝጋቢውም ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ከላቲን አሜሪካ በመጡ አንዳንድ ሠራተኞች ዘንድ ቪታሚንና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ገዝቶ በቤት ውስጥ መወጋት፣ ወይም መርፌ መውጋት በሚችል ጎረቤት መወጋት የተለመደ ነው። መርፌው ለሁለት ሰው ከዋለ አደጋው ያው ነው። እንግዲህ «በማናቸውም ምክንያት በመርፌ ተወግተው ያውቃሉ? መርፌው አዲስ ነበር?» ተብሎ ካልተጠየቀ እውነቱ አይገኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ የነቀርሳ ምርመራ ነው። በላቲን አሜሪካ፣ እንደ እኛም ሀገር፣ ሕፃናት ቢ.ሲ.ጂ. የተባለውን ክትባት ይከተባሉ። በቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ በዚህ ክትባት የተነሣ ነቀርሳ በሌለበት እንዳለ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ እስረኛው «ይህ ከልጅነት ክትባቴ ነው» ብሎ ሕክምናውን ቢያመነታ ንግግሩ መሠረት አለው። ትክክለኛው መልስ ቁጣ አይደለም፤ ክትባቱ የማያሳስተው የደም ምርመራ መኖሩን ነግሮ ያን ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ንቅሳት ነው። በብዙ ላቲኖ እስረኞች ገላ ላይ የእናት ስም፣ የሞተ ወንድም ስም፣ ወይም የጓዳሉፔዋ እመቤታችን ሥዕል ተነቅሶ ይታያል። በወኅኒ ቤት ንቅሳት ክልክል ስለሆነ በስውር፣ ከተገኘ ነገር በተሠራ መርፌና በጋራ ቀለም ይሠራል፤ የሄፓታይተስ ሲ መንገድም ይሆናል። «ክልክል ነው፤ ተው» የሚል ትምህርት ዝምታን ብቻ ያተርፋል። አስቀድሞ «ይህ ስም የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ልብ ይከፈትለታል፤ ከዚያም ቫይረሱ በመርፌው ብቻ ሳይሆን በቀለሙ ዕቃም እንደሚተላለፍ ሊያስረዳ ይችላል። በሎስ አንጀለስ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የሆኑት አባ ግሬጎሪ ቦይል በ1988 በዶሎሬስ ሚሽን ቁምስና ከወሮበላ ቡድን የወጡ ወጣቶችን ለመርዳት የጀመሩት ሥራ፣ ዛሬ ሆምቦይ ኢንዱስትሪስ በሚል ስም፣ ሥራ ከመስጠቱ ጋር ያረጀ የቡድን ንቅሳትን በነጻ ያጠፋል። አባ ቦይል የተረዱት ነገር ግልጽ ነው፤ በገላ ላይ የተጻፈው ሁሉ ከሰውየው ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው።

ረ) ግብ፣ ዘዴና የኑሮ ሁኔታ

ማንበብ ላልተማረ ሰው በፎቶግራፍና በአጭር ንግግር የሚተረክ «ፎቶኖቬላ» የተባለ መጽሔት ከረጅም ጽሑፍ ይሻላል፤ በላቲን አሜሪካ የቆየ ልማድም ነው። በማረፊያ ቤት ለሦስት ቀን ለሚቆይ ሰው ደግሞ ግቡ ትንሽ ይሁን፤ አንድ ምርመራ፣ አንድ ክትባት፣ አንድ የሚሄድበት አድራሻ። ሊፈጽመው የማይችለውን ምክር መስጠት ግን ሸክም መጨመር ነው።

5. የማይለወጠው ነገር

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ትምህርቱን ለባህል ብለን ስንለውጥ የት ላይ እንቁም? ፌሊፔ ጎንዛሌስ ካስትሮ የተባሉ ምሁርና ባልደረቦቻቸው በ2004 ይህን ጉዳይ በትምህርቱ ፍሬ ነገር በመጽናትና ለሰሚው በመስማማት መካከል ያለ ትግል አድርገው ገልጸውታል።

በእኛ አስተያየት ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ፣ መድኃኒቱ የሚወሰድበት ጊዜ፣ የምርመራው ትርጉም ለማንም ተብሎ አይቀየርም። ሰሚውን ላለማሳፈር ተብሎ ከተቀነሰ ምክሩ ጨዋ ይመስላል እንጂ አያድንም። የሚለወጠው በር ነው፤ ቤቱ አይለወጥም። ወኅኒ ቤትን የሚጐበኝ ካህን፣ ደናግል ወይም ካቴኪስት የሐኪሙን ቦታ አይወስድም፤ የሐኪሙንም ቃል አይሸፍንም። ሊያደርግ የሚችለው ትልቅ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም ሰውየው ሐኪሙን እስኪሰማ ድረስ ከፍርሃቱ ጋር አብሮት መቀመጥ ነው።

6. አንድ መልካም ምሳሌ ከኒው ሜክሲኮ

ከሕዝቧ ግማሽ ያህሉ ላቲኖ በሆነባት በኒው ሜክሲኮ ግዛት ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ የተባሉ የጉበት ሐኪም በ2003 ፕሮጀክት ኤኮ የተባለ ሥራ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የሄፓታይተስ ሲ ሕመምተኛ ልዩ ሐኪም ለማየት ረጅም መንገድ ተጉዞ ብዙ ወራት መጠበቅ ነበረበት። እርሳቸውም በገጠርና በወኅኒ ቤት ያሉትን የጤና ሠራተኞች በቴሌቪዥን መገናኛ አማካይነት በየሳምንቱ እያገናኙ አስተማሩ። በ2011 የታተመው ጥናት 16 የገጠር ክሊኒኮችንና 5 ወኅኒ ቤቶችን የጨመረ ነበር። በዚያ የታከሙት 58.2 በመቶ፣ በዩኒቨርሲቲው ሐኪም ቤት የታከሙት ደግሞ 57.5 በመቶ ድነዋል። ይህ የተገኘው ዛሬ ያሉት የተሻሉ እንክብሎች ከመምጣታቸው በፊት ነው። ስለዚህ በወኅኒ ቤት ያለ ሕመምተኛ በትልቅ ሐኪም ቤት ካለው ያነሰ ውጤት ያገኛል የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑ ታየ።

ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በዚያው ግዛት ወኅኒ ቤቶች እስረኞች ራሳቸው ለ40 ሰዓት ሠልጥነው ሌሎች እስረኞችን ስለ ሄፓታይተስና ስለ ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ማስተማር ጀመሩ። እስረኛው አስተማሪ የግቢውን ቋንቋ ያውቃል፤ ንቅሳቱ በየትኛው ሰዓት፣ በምን መርፌ እንደሚሠራ ያውቃል፤ ማን እንደ ፈራም ያውቃል። ከዚህም ሌላ አንድ የተሰወረ ጥቅም አለ። በጥፋቱ ብቻ ይታወቅ የነበረ ሰው አሁን በሚሰጠው ይታወቃል።

7. ከበሩ ባሻገር

ብዙ ትምህርቶች የሚወድቁት ሰውየው ከተፈታ በኋላ ነው። በእጁ ገንዘብ የለም፤ ማደሪያው አልታወቀም፤ መድኃኒቱ በጥቂት ቀን ያልቃል። ፕሮጀክት ስታርት የተባለው መርሐ ግብር ይህን አስቦ ከስድስቱ የውይይት ጊዜያት ሁለቱን ከመፈታት በፊት፣ አራቱን ከተፈታ በኋላ አደረገ። በካሊፎርኒያ፣ በሚሲሲፒ፣ በሮድ አይላንድና በዊስኮንሲን ከወኅኒ ቤት በወጡ ወጣት ወንዶች ላይ ተፈትኖም ለኤች.አይ.ቪ. የሚያጋልጥ ድርጊትን መቀነሱ ታይቷል።

ለስደተኛው ደግሞ በሩ ወደ ሌላ ሀገር የሚከፈት ሊሆን ይችላል። የነቀርሳ መድኃኒት ጀምሮ በመካከሉ ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ ሆንዱራስ የሚመለስ እስረኛ ሕክምናውን ካቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ለዚህም ሲባል በ1997 በሳን ዲዬጎ ኪዩር ቲ.ቢ. የተባለ አገልግሎት ተመሠረተ። የሕመምተኛውን የሕክምና ማስረጃ ወደሚሄድበት ሀገር ያስተላልፋል፤ የሚቀበለውንም ክሊኒክ ይፈልግለታል።

የገንዘቡም ጉዳይ አለ። ሜዲኬይድ የተባለው ድሆችን የሚረዳ የመንግሥት የሕክምና ሽፋን ከ1965 ጀምሮ በእስር ላይ ያለን ሰው፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ አይጨምርም ነበር። በጃንዋሪ 2023 ካሊፎርኒያ ከግዛቶች ሁሉ ቀድማ፣ ከመፈታት በፊት ባሉት እስከ 90 የሚደርሱ ቀናት ሽፋኑ አገልግሎት እንዲሰጥ ፈቃድ አገኘች። እንዲህ ያለው ሕግ ከብዙ በራሪ ወረቀት ይልቅ ነፍስ ያድናል።

8. ባህልን ሰበብ እንዳናደርገው

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባናል። «ላቲኖዎች እንዲህ ናቸው» ብሎ መደምደም ራሱ ስሕተት ነው። ፊታችን ያለው አንድ ሰው ነው፤ ባህሉን የምናውቀው ጥያቄ እንድንጠይቅ እንጂ በእርሱ ፈንታ እንድንመልስ አይደለም።

ከዚህም በላይ ጥፋቱ የክፍሉ ሆኖ ሳለ በባህሉ ማመካኘት ግፍ ነው። በሜይ 2020 መጨረሻ፣ የኮሮና ወረርሽኝ በተስፋፋበት ጊዜ፣ በካሊፎርኒያ ከቺኖ ወኅኒ ቤት ከመቶ በላይ እስረኞች ወደ ሳን ክዌንቲን ተዛወሩ። በሳን ክዌንቲን እስከዚያ ጊዜ ድረስ አንድም የታመመ እስረኛ አልነበረም። በጥቂት ሳምንታት ከ2,000 በላይ እስረኞች ታመሙ፤ 28 እስረኞችና አንድ የወኅኒ ቤቱ ሠራተኛ ሞቱ። በካሊፎርኒያ ወኅኒ ቤቶች ከሚገኙት እስረኞች ከ40 በመቶ የሚበልጡት ላቲኖዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች እጃቸውን ታጥበው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ የተባሉትን ሁሉ ቢፈጽሙም የሚያድሩበትን ክፍል አልመረጡም። እንግዲህ ትምህርት የንጹሕ አየርን፣ የበቂ ስፍራንና የሐኪምን ቦታ ሊተካ አይችልም። እስረኛውን «ተጠንቀቅ» የሚል ሁሉ እስር ቤቱንም «ተስተካከል» ማለት አለበት።

መደምደሚያ

የኤል ፓሶ ሹማምንት ስለ ቅማል ያውቁ ነበር፤ ስለ ሴቶቹ ግን አላወቁም። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ በእጃችን ያለው መድኃኒት ያኔ ካልታሰበው በላይ ነው፤ ሆኖም ከሰው ወደ ሰው ካልተሻገረ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የሚያሻግረውም አክብሮት፣ የታመነ ቃልና ከእስር በኋላም የማይቋረጥ እጅ ነው።

እስረኛን መጠየቅ ከምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ከልጅነታችን ተምረናል። በየቁምስናችን ወደ ወኅኒ ቤት የምንሄድ ሁሉ ዳቦና ሳሙና ይዘን ስንገባ፣ የምንጠይቀውን ሰው ስምና ቋንቋ፣ የሚፈራውንና የሚወደውን ጭምር ለማወቅ እንትጋ። ስለ ጤናው የምንናገረው ቃል ያን ጊዜ ይደመጣል።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. የኤል ፓሶ ሴቶች እምቢ ያሉት ለምን ነበር? ሹማምንቱ በምን መንገድ ሊያስረዷቸው ይችሉ ነበር?

2. በላይኛው መልክና በጥልቁ መሠረት መካከል ያለውን ልዩነት ከምታውቁት የጤና ትምህርት በምሳሌ አስረዱ።

3. ቤተሰብን ማሰብ አንድን ሰው ወደ ሕክምና የሚያቀርበው መቼ ነው? የሚያርቀውስ መቼ ነው?

4. ለሰሚው ተብሎ ሊለወጥ የሚችለውና ፈጽሞ ሊለወጥ የማይገባው ምን ምን ነው?

5. ከምንጐበኛቸው እስረኞች መካከል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የማናነጋግራቸው አሉ? ለእነርሱ ማን ሊናገርላቸው ይችላል?